ካባው ያልወለቀለት ሰው

ጥያቄውን ላሳጥረው። ጠያቂው ከቴአትር ትምህርት ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። ቁመቱ ረዥም፣ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቅንድቡ ላይ የልጅነት ጠባሳ አለው። በሁለት የቴሌቪዥን ድራማዎች ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ተጫውቷል። አሁን ሦስተኛ ገዳይ ቀርቦለታል። «ጋሼ፣ ባለፈው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የነበሩ እናት ሲያዩኝ ቦርሳቸውን ወደ ወዲያኛው ጎናቸው አዞሩት» ይላል። የድሮ መምህሩ ደግሞ «እንደ ድራኩላው ሰውዬ ሆነህ እንዳትቀር» ብለው አስፈራርተውታል። ሰውዬው ማን ነው? አንድ ሚና እውነት ሰውን ጠፍሮ ያስቀራል? ሦስተኛውን ገዳይ ልቀበል ወይስ ልተው? መጨረሻ ላይ ደግሞ «ካባውን እንደለበሰ ነው የተቀበረው ይባላል፣ እውነት ነው?» የምትል ጨምሯል።

ስለ ቦርሳው እንኳን ደስ ያለህ። እኚያ እናት ቤታቸው ቁጭ ብለው አምነውሃል ማለት ነው። ግን መምህርህም ያለ ምክንያት አላስፈራሩህም።

ሰውዬው ቤላ ሉጎሲ ይባላል። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) በ1882 ሉጎስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ያኔ በኦስትሮ ሃንጋሪ ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ ሩማንያ ውስጥ ናት። የቤተሰቡ ስም ብላሽኮ ነው። የመድረክ ስሙን ያወጣው ከትውልድ ከተማው ነው፤ ጎንደሬው ወይም ሐረሬው እንደማለት።

ሀገሩ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ሮሚዮን ተጫውቷል። በሕማማት ቴአትር ላይ ኢየሱስን ሆኖ ተጫውቷል፤ ፎቶው ዛሬም አለ። ረዥም ፀጉር፣ ፂም፣ የዋህ ዓይን። ይኼንን ፎቶ ለተማሪዎቼ አሳይቼ ማን ነው ስላቸው እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። ቡዳፔስት በሚገኘው ብሔራዊ ቴአትርም ሠርቷል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ዘምቷል። ከዚያ ተዋንያንን በማኅበር ሲያደራጅ ቆየና በ1919 መንግሥት ሲገለበጥ ሸሸ። በቪየናና በበርሊን በኩል አድርጎ በ1920 መጨረሻ አሜሪካ ገባ። 38 ዓመቱ ነበር። እንግሊዝኛ አይችልም።

በውጭ ሀገር ያላችሁ አንባቢዎች ይኼንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሐኪም ሲሰደድ እጁ አብሮት ይሰደዳል። ተዋናይ ግን መሣሪያው ምላሱ ነው። ሉጎሲ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ቴአትር የሠራው የቃላቱን ትርጉም ሳይይዝ ድምፃቸውን ብቻ ሸምድዶ ነው። እያንዳንዱን ቃል እንደ ሸክላ ዕቃ አንድ በአንድ ነበር የሚያስቀምጠው። ይቺ ልማድ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀችውም።

በ1927 «ድራኩላ» የኒውዮርክ የቴአትር ሰፈር በሆነው ብሮድዌይ ላይ ለመድረክ በቃ። ሉጎሲ ደም መጣጩን መስፍን ሆኖ ተጫወተ፤ ቴአትሩ 261 ጊዜ ታየ። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ፊልሙን ሊሠራ ሲነሳ ግን የመጀመሪያ ምርጫው እሱ አልነበረም። ሉጎሲ ደጅ ጠና። በመጨረሻ ሚናውን ያገኘው በሳምንት 500 ዶላር ነው። ሥራው ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ በጠቅላላው 3,500 ዶላር። ፊልሙ በ1931 መጀመሪያ ላይ ወጣና ዓለምን አዳረሰ።

ጊዜ ሲኖርህ ክፈተውና ፊቱን ብቻ እይ። ያ ሁላችንም የምናውቀው ሹል ክራንቻ በዚህ ፊልም ውስጥ አንድም ቦታ የለም። የተለጠፈ ቆዳ የለም፣ የተሠራ አፍንጫ የለም። ያለው ወደ ኋላ የተለጠጠ ፀጉር፣ ጥቁር ሱፍና ካባ ነው። የካሜራ ባለሙያው ደግሞ ዓይኑ ላይ ብቻ ቀጫጭን ብርሃን አሳርፎበታል። የቀረው የራሱ ነው። ረዣዥም ጣቶቹ የራሱ ናቸው። ያ ዘዬም የራሱ ነው። ሻማ ይዞ ደረጃ ላይ ቆሞ ስሙን ሲናገር፣ «እኔ» ከሚለው እስከ «ድራኩላ» የሚለው ድረስ ሰው ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል። ያ ዝግታ የትወና ብልሃት ብቻ እንዳይመስልህ። ቋንቋውን በጉልምስና የተማረ ሰው ጥንቃቄም አለበት።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ሉጎሲ ማታ ቤቱ ሲሄድ ምን ያወልቅ? ካባውን ያወልቃል። ፊቱ ግን ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው። ምግብ ቤት ገብቶ ሾርባ ቢያዝ አሳላፊው የሚሰማው ድራኩላ ሾርባ ሲያዝ ነው።

አሁን ሌላውን ሰውዬ አምጣው። ያው ዓመት፣ ያው ስቱዲዮ።

ዩኒቨርሳል ከ«ድራኩላ» ቀጥሎ «ፍራንከንስታይን»ን፣ አንድ ሳይንቲስት ከሬሳ የሠራውን ጭራቅ ታሪክ፣ አሰበ። ለጭራቁ መጀመሪያ የታጨው ሉጎሲ ነበር፤ የሙከራ ቀረጻም ተሠርቶለታል። ጭራቁ ግን አይናገርም፤ ፊቱም በሜካፕ ይሸፈናል። ሉጎሲ በኋላ ሲያወራ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ ይል ነበር። ያም ሆነ ይህ ሚናው ቦሪስ ካርሎፍ ለሚባል ሰው ደረሰ።

ካርሎፍ ስሙ ሩሲያዊ ይምሰል እንጂ የለንደን ልጅ ነው። ዊልያም ሄንሪ ፕራት ነው ስሙ፤ በ1887 የተወለደ፣ ለዘጠኝ ልጆች ቤት የመጨረሻው። ቤተሰቡ ለመንግሥት ሥራ አስቦት ነበር። እሱ በ1909 ካናዳ ሄደና ከከተማ ከተማ ከሚዞሩ የቴአትር ቡድኖች ጋር ተንከራተተ። ሥራ ሲጠፋ ጭነት መኪና ነድቷል። በ1931 ዕድሜው 43 ደርሶ ነበር። በርካታ ፊልሞች ላይ ብልጭ ብሎ ጠፍቷል፤ ስሙን የሚያውቅ ግን የለም።

የሜካፑን ነገር ዘርዘር ላድርገው፤ ለጥያቄህ ዋናው እሱ ነውና። ሠሪው ጃክ ፒርስ ይባላል። በየቀኑ ወደ አራት ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ጥጥ ያነጥፋል፣ ኮሎዲዮን የሚባል ቶሎ የሚደርቅ ፈሳሽ ያፈስበታል፣ እንደገና ጥጥ ያነጥፋል። ያ ጠፍጣፋ ራስና የተንጠለጠለ ግንባር የተገነባው እንደዚያ ነው። ካርሎፍ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የራሱን ሐሳብ ይጨምራል። ዓይኖቼ በጣም ንቁ ሆኑ አለ፤ ቆቡ ላይ ሰም ተደረገለት። አፉ ውስጥ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበረው። አወለቀው፤ አንዱ ጉንጩ ስርጉድ አለ። ያቺ ስርጉድ ፊልሙ ላይ ትታያለች። ጭራቁን ከአፅም ጋር የምታመሳስለው እሷ ናት።

ፊልሙ ሲጀምር በሚወጣው የተዋንያን ዝርዝር ላይ ከጭራቁ ትይዩ የተጻፈው ስም አይደለም። የጥያቄ ምልክት ነው። ሰውዬው በምርቃቱ ላይ እንኳን አልተጠራም።

ማታ ላይ ግን ያ ሁሉ ጥጥ ከፊቱ ይነሳል። ከሥሩ ክሪኬት የሚወድ፣ አበባ የሚኮተኩት፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው እንግሊዛዊ ይወጣል። ፊልሙን ያየው ሕዝብ ይኼን ፊት አያውቀውም። ካርሎፍ በአንድ ሌሊት ዝነኛ ስምና ማንም ያላየው ፊት ይዞ ተነሳ። ከዚህ በላይ ዕድል ለተዋናይ የለም።

ጭራቅ የተጫወተ ሁሉ ይታሰራል የሚባለው ስለዚህ ልክ አይመስለኝም። የሚያስረው ጭራቁ ከራስህ ጋር የተሰፋበት ቦታ ነው። የካርሎፍ ጭራቅ የተሰፋው በጥጥ ነበር። የሉጎሲ የተሰፋው በምላሱ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የዘዬው ነው ግን አልልህም። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታትም አሉ። ሉጎሲ ገንዘብ እጁ ላይ አይቆምም ነበር። «ድራኩላ» ከወጣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1932፣ ከስሬያለሁ ብሎ ፍርድ ቤት አመለከተ። ዕዳ ያለበት ሰው ሚና አይመርጥም። የመጣለትን ሁሉ ተቀበለ፤ የእብድ ሐኪም፣ የጠንቋይ፣ በየጨለማው የሚያጮልቅ ሎሌ። በትናንሽ ኩባንያዎች በትንሽ ክፍያ ሠራ። የዋጋ ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። አንዴ በርካሽ ተሠርቶ ከታየ ቀጣዩ ደዋይ ከዚያ በታች ነው የሚጀምረው።

በ1934 ሁለቱን በአንድ ፊልም አገናኟቸው። የስም አጻጻፉን እይ። አንደኛው «ካርሎፍ» ነው፤ ስምና የአባት ስም አያስፈልገውም። ሁለተኛው «ቤላ ሉጎሲ»። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተገናኙ። ሉጎሲ የበለጠ ቦታ የያዘበት ፊልም ነበር፤ የተከፈለው ግን የካርሎፍን ግማሽ ነው።

ከዚያ የአስፈሪ ፊልም ገበያ ራሱ ደረቀ። በ1936 ስቱዲዮው ባለቤት ቀየረ፤ እንግሊዝ ሀገርም ሳንሱሩ ጠበቀ። ካርሎፍ ሌላ ሥራ አላጣም። ሉጎሲ ግን ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ፈታ። ልጁ የተወለደው በዚህ ጊዜ፣ በ1938 ነው። ቤቱን አጣ። ከተዋንያን መረዳጃ ድርጅት እርዳታ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ቤቨርሊ ሂልስ ያለ አንድ ሲኒማ ቤት ገበያ ጠፍቶበት «ድራኩላ»ንና «ፍራንከንስታይን»ን ከሌላ አሮጌ ፊልም ጋር በአንድ ቲኬት ቢያሳይ ሰልፉ አስፋልቱን ዞረ። ስቱዲዮዎቹ ወደ አስፈሪ ፊልም የተመለሱት ይኼን አይተው ነው። ፊልሙ ሲታይ ባለፊቱ ቤት ኪራይ ይቸገር ነበር።

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ እኔን ሁልጊዜ የምትቆረቁረኝ ናት። በ1943፣ ዕድሜው 60 ደርሶ፣ ሉጎሲ ያንን እምቢ አልኩት የሚለውን የፍራንከንስታይን ጭራቅ ተጫወተ። በድርሰቱ ላይ ጭራቁ ዓይኑ የታወረ ነበር፤ ይናገርም ነበር። ፊልሙ ተቀርጾ ሲያልቅ ንግግሩ በሙሉ ተቆርጦ ወጣ። መታወሩ የተገለጸውም በንግግሩ ነበርና እሱም አብሮ ወጣ። አሁን ፊልሙን ብታየው አንዳንድ ቦታ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እየዳበሰ ይሄዳል፤ ለምን እንደሆነ ግን ተመልካቹ አያውቅም። ልጆች ፍራንከንስታይንን ሲያስመስሉ እጃቸውን ዘርግተው የሚሄዱት ያ አካሄድ ከዚህ የመጣ ነው። ዓለም ሁሉ የሚኮርጀው ትወና፣ ምክንያቱ ተቆርጦ የተጣለ።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ሉጎሲ በረዥም ፊልም ላይ ድራኩላን ራሱን የተጫወተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በ1931 እና በ1948። ሁለተኛው ደግሞ ኮሜዲ ነው። ሁለት ጊዜ! አንተ እንኳን ሁለቴ ገድለሃል።

ካርሎፍስ? እሱም ቢሆን ከአስፈሪ ፊልም ጨርሶ አልወጣም። ግን በሁለት ነገር በለጠ። አንደኛ፣ የት እንደሚቆም ያውቅ ነበር። ጭራቁን በ1931፣ በ1935 እና በ1939 ተጫወተ። ከዚያ ባሕርዩ ወደ መጫወቻ ዕቃ እየወረደ መሆኑ ታየውና በቃኝ አለ። ሌሎች ቀጠሉበት። ሁለተኛ፣ በስሙ ራሱ መቀለድ ቻለ። በ1941 ብሮድዌይ ላይ በተከፈተ አንድ ኮሜዲ ውስጥ ፊቱ በቀዶ ሕክምና የተበላሸ ወንጀለኛ አለ። ሰዎች «ቦሪስ ካርሎፍን ትመስላለህ» ሲሉት ይበሳጫል። ያንን ወንጀለኛ የተጫወተው ካርሎፍ ራሱ ነው። ቴአትሩ ከ1,400 ጊዜ በላይ ታየ፤ ካርሎፍ ገንዘቡንም አስገብቶበት ነበር። እስር ቤቱን አከራየው ማለት ነው።

በኋላ መድረክ ላይ በልጆች ቴአትር የባሕር ወንበዴ ሆነ። ስለ ዣን ዳርክ በሚተርክ ድራማ ላይ ጳጳስ ሆኖ በ1956 ለቶኒ ሽልማት ታጨ። በ1966 ለገና በተሠራ የልጆች ካርቱን ላይ ተረኩን ተናገረ፤ ድምፁ ግራሚ አስገኘለት። ጭራቁንም ሲያማ አይሰማም፤ የቅርብ ጓደኛዬ ነው ይለው ነበር። በ1969 በ81 ዓመቱ እንግሊዝ ሀገር ሞተ፤ እስከ መጨረሻው ሥራ አልፈታም።

አሁን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ልውሰድህ። እኔ ከማስተማሩ በፊት ለዓመታት ተዋናይ ስመርጥ ኖሬያለሁ። ታይፕካስት የሚባለው ነገር፣ ተዋናይን በአንድ ዓይነት ሚና ብቻ ማስቀረት፣ በክፋት የሚፈጠር ይመስላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጥረው ችኮላ ነው። ከሰዓት በኋላ ብቻ 40 ሰው ይመጣል። ፕሮዲውሰሩ ሰዓቱን ያያል። አከራዩን የሚጫወት ክፉ ሰው ያስፈልጋል፤ ጭንቅላትህ ውስጥ አንድ ፊት ድቅን ይላል፤ ትደውልለታለህ። አለቀ።

አንዴ በክፉ አከራይነት የታወቀ ሰው ለቄስ ሚና መጣልኝ። ሲያነብ በጣም ጥሩ ነበር፤ እንባዬ ሊመጣ ትንሽ ቀረው። ከጎኔ የነበሩት ግን ገና «ልጄ» ሲል ሳቁ። ኪራይ ሊጨምርባት ነው አሉ። ሚናውን ለሌላ ሰጠሁት። ያ ውሳኔ ስህተት ነበር፤ ሁለተኛው ሰው ደካማ ነበር። ጥፋቱም የእኔ ነው፣ የሰውዬው አይደለም። ይኼን የምነግርህ በሩ ሲዘጋብህ ሁልጊዜ ችሎታህን እንዳትጠራጠር ነው።

በሆሊውድ የዚህ ዓይነቱ ችኮላ ክፉኛ የጎዳው ሰው ድዋይት ፍራይ ይመስለኛል። በ«ድራኩላ» ውስጥ ዝንብና ሸረሪት የሚበላው እብድ እሱ ነው። በ«ፍራንከንስታይን» ውስጥ ጎባጣው ረዳት እሱ ነው። ከዚያ በፊት ብሮድዌይ ላይ በኮሜዲ የተከበረ ተዋናይ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረቡለት ሚናዎች እብድና ጎባጣ ብቻ ሆኑ። በጦርነቱ ጊዜ የሌሊት ፈረቃ በአውሮፕላን ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1943 በአንድ ትልቅ የታሪክ ፊልም ላይ የጦር ሚኒስትር እንዲሆን ተመረጠ። በመጨረሻ ሱፍ ሊለብስ! ቀረጻው ሳይደርስ በልብ ሕመም ሞተ። 44 ዓመቱ ነበር።

ጭምብል ብቻውን ያድናል ብለህም እንዳታስብ። ሎን ቼኒ ጁኒየር በ1941 ተኩላ ሰው ሲሆን ፊቱ በፀጉር ተሸፍኖ ነበር። ያንን ተኩላ ሰው አምስት ጊዜ ተጫወተ፤ ሌሎቹንም ጭራቆች ሁሉ ተራ በተራ አዳረሳቸው። የእሱ ነገር ስሙ ላይ ነው። ትክክለኛ ስሙ ክሬይተን ነበር። አባቱ የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የአስፈሪ ሚናዎች ንጉሥ ነበሩ። ስቱዲዮዎቹ ልጁ የአባቱን ስም ካልያዘ ሥራ የለም አሉት። በ1939 የዋህና ጉልበተኛ የእርሻ ሠራተኛ ሆኖ ያሳየው ትወና ዛሬም ይደነቃል። ያም ሆኖ ከጭራቆቹ አላወጣውም።

በተቃራኒው ደግሞ ኤልሳ ላንቸስተር አለች። ያቺ ፀጉሯ ወደ ላይ የቆመ፣ በጎንና በጎኑ ነጭ መስመር ያለበት የጭራቁ ሙሽራ። ጭራቋን ሆና የታየችው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ምስሏ ግን እስከ ዛሬ ቲሸርት ላይ አለ። እሷ አልታሰረችም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ለኦስካር ታጭታለች። ሁለተኛ ሙሽራ አልሠራችም፤ ምክንያቱ እሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ክሪስቶፈር ሊ። የአንተ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ለእሱ የሚቀርብ ይመስለኛል። እሱም ረዥም ነው፤ 1 ሜትር ከ96። ድምፁም ወፍራም ነው። ወጣት ሳለ በጣም ረዘምክ፣ ዋናውን ተዋናይ ታሳጥራለህ እየተባለ ሚና ይከለከል ነበር። በ1957 ሃመር የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለፍራንከንስታይን ጭራቅ የፈለገው ግን ያንኑ ቁመት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ድራኩላ ሆነ። በጠቅላላው ለሃመር ሰባት ጊዜ ድራኩላን ተጫውቷል። በ1966ቱ ፊልም አንድ ቃል አይናገርም፤ ያፏጫል፣ ያጉረመርማል፣ ያበቃል።

ለምን ሰባት ጊዜ? ራሱ ሲናገር፣ እምቢ ባለ ቁጥር አዘጋጆቹ ስንት ሠራተኛ ሥራ እንደምታሳጣ አስብ እያሉ ይለምኑት ነበር። ይሉኝታ ለንደንም አለ። ይቺን ያዝ፤ አንተንም በዚህ ነው የሚይዙህ። «ወንድሜ፣ ያለ አንተ እኮ አይሆንም» ሲሉህ ደስ ይልሃል፤ ብዕሩ እጅህ ላይ ነው።

ሊ እንዴት ወጣ? አንደኛ፣ በ1974 የጄምስ ቦንድ ባላጋራ ሆነ፤ አሁንም ክፉ ነው፣ ግን ፀሐይ ላይ የሚሄድ፣ የሚስቅ ክፉ። ሁለተኛ፣ በ1970ዎቹ ለንደንን ለቅቆ አሜሪካ ሄደ። በ1978 በታወቀ የቅዳሜ ምሽት የቀልድ ትርዒት ላይ አስተናጋጅ ሆኖ ሰውን አሳቀ። ሦስተኛ፣ ዕድሜ ሰጠው። በ2001 በ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልም ላይ ተንኮለኛው ጠንቋይ ሆኖ ሲታይ 79 ዓመቱ ነበር። አዲሱ ትውልድ ያወቀው በነጭ ፂሙ ነው።

ግን ድራኩላ በቀላሉ ይለቃል ብለህ አትጠብቅ። በ1998 የፓኪስታንን መሥራች ሙሐመድ ዓሊ ጅናህን ተጫወተ። ከሠራኋቸው ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው ይል ነበር። ፓኪስታን ውስጥ ግን ተቃውሞ ተነሳ። የሀገራችንን አባት ድራኩላ ይጫወተው? ተባለ። የመጨረሻውን ድራኩላ ለሃመር ከሠራ 25 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ተዋናይ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ከትወናው ይልቅ ወረቀቱ ላይ ነው። ሉጎሲ ከሞተ በኋላ ዩኒቨርሳል ፊቱን እያከራየ ጭምብል፣ መጫወቻና ካናቴራ አሠራበት። ልጁና የመጨረሻ ሚስቱ ከሰሱ። መጀመሪያ ተፈረደላቸው፤ በይግባኝ ተሸነፉ፤ በ1979 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሽንፈታቸውን አጸናው። ሉጎሲ በሕይወት እያለ ያልሸጠው መብት ከእሱ ጋር ሞቷል፣ ለወራሽ አያልፍም ነው የተባለው። በኋላ ካሊፎርኒያ ሕጉን ቀይራ የታዋቂ ሰው መልክና ስም ለቤተሰቡ እንዲወረስ አደረገች። ካርሎፍ በጥጥ የተሸፈነ ነበር፤ የሉጎሲ ግን የሸጡት ፊቱን ራሱን ነው።

ወደ አንተ ልመለስ። እኔ ብሆን ሦስተኛውን ገዳይ እወስዳለሁ። አራተኛውን ግን አልወስድም።

ከመውሰድህ በፊት ደራሲውን አንድ ነገር ጠይቅ። ይኼ ሰውዬ የማይገድልበት ትዕይንት አለው? በ«ፍራንከንስታይን» ውስጥ ጣሪያው ተከፍቶ ብርሃን ሲገባ ጭራቁ ቀና ይላል። ብርሃኑን ሊይዘው ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል። ይዘጋበታል። እጁ ባዶ ይቀራል። ካርሎፍን ካርሎፍ ያደረገችው ያቺ ትዕይንት ናት ብል አላጋነንኩም። አንድም ሰው አልሞተባትም። ለአንተም እናቱ ቤት ሄዶ ሽሮ የሚበላበት አንዲት ትዕይንት ብትኖር ይበቃል። ከሌለች እንድትጻፍ ለምን። እምቢ ካሉ ያኔ አስብበት።

ድምፅህንም ቀይር። ጠባሳው የትም አይሄድም፤ ድምፅ ግን ይሠራል። ሁለቱን ገዳዮችህን በዚያው በወፍራሙ ድምፅ እንደሠራሃቸው እገምታለሁ። ሦስተኛው ፈጠን ብሎ የሚያወራ፣ ሳቂታ፣ ትንሽ የሚንተባተብ ቢሆንስ? በመሃል ደግሞ ክፍያው ትንሽ ቢሆንም መድረክ ላይ ኮሜዲ ፈልግ፤ ወይም በሬዲዮ ለልጆች ተረት አንብብ። እዚያ ፊትህን የሚያይ የለም።

ውሉ ላይ ስለ ፎቶህና ስለ መልክህ የምትል መስመር ካለች ሁለት ጊዜ አንብባት። «በማንኛውም መንገድ ለዘለዓለም» የሚል ነገር ካየህ ከመፈረምህ በፊት ጠበቃ አሳይ። እኚያን እናት ደግሞ ደግመህ ብታገኛቸው ሰላም በላቸው። ሁለተኛ ቦርሳቸውን የሚያዞሩ አይመስለኝም።

የቀረችው የካባዋ ጥያቄ ናት። ሉጎሲ በጀርባና በእግሩ ሕመም ምክንያት በተሰጡት ማስታገሻዎች ሱስ ተይዞ ነበር። በ1955 ራሱ ሄዶ አሳክሙኝ ብሎ በመንግሥት ሆስፒታል ተኛ፤ ወጥቶም ሥራ ፈለገ። በ1956 በ73 ዓመቱ ሞተ። ከ38 ዓመት በኋላ ማርቲን ላንዳው የሚባል ተዋናይ እነዚያን የመጨረሻ ዓመታቱን በፊልም ተጫውቶ ኦስካር አገኘ፤ ሉጎሲ ራሱ ለኦስካር ታጭቶ አያውቅም። አዎ፣ ካባውን እንደለበሰ ነው የተቀበረው፤ ወሬ አይደለም። እሱ ግን በኑዛዜ አልጠየቀም። ይወደው ነበር ብለው የወሰኑት ልጁና የልጁ እናት ናቸው። መቃብሩ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ከልቨር ሲቲ ነው። ድንጋዩ ላይ ስሙ፣ ሁለቱ ዓመቶችና «ተወዳጅ አባት» የሚሉ ቃላት አሉ። ድራኩላ የሚል የለም።